ማሽኗ የመሰከረች ዕለት

አባቴን ሞኝ ነው የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል። ይህን ከመነሻው ልናገር፤ ምክንያቱም ሞጣ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ ነገሩን ባወራሁ ቁጥር ቶሎ ብለው «ያልተማሩ ናቸው አይደል?» ይሉኛል። ያልተማሩ! ዕድሜ ልካቸውን ሲማሩና ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው! አባቴ ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው። ተማሪው አስቦ ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና አንዲት የላላች ቦታ ካገኙ «ሂድ፣ ገና ነው» ብለው ይመልሱታል። ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይመልሱታል። ቢያለቅስም አይራሩለትም። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በአንድ ጠዋት ቁጥር ተረትተው ልጃቸውን ያጡት።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ሞጣ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። እናታችን የሞተችው እህቴ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ፀጉሯን የሠራሁላት፣ ስታጠፋ የቆነጠጥኳት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዤ ያስገባኋት እኔ ነኝ። «እትዬ» ነበር የምትለኝ። ቀልደኛ ነበረች። የአባታችንን ተማሪዎች አረማመድና አነጋገር እየቀዳች ታስቀን ነበር፤ አባታችን ሳይቀሩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ይስቁ ነበር። ሳስባት ቀድሞ የሚመጣብኝ ይኼ ሳቅ ቢሆን እንዴት በወደድኩ! ግን አይደለም።

ካቻምና መኸር ላይ ውኃ ውኃ ማለት ጀመረች። ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ እንደገና ትጠጣለች። ልብሷ ሰፋት። አንድ ቀን ራሷን ስታ ወደቀችና ሆስፒታል ገባች፤ ስኳር ሆኖ ተገኘ። ያውም ክኒን የሚበቃው ዓይነት አይደለም፤ ሰውነት ኢንሱሊን ማምረት ሲያቆም የሚመጣው፣ ያለ መርፌ የማያኖረው ዓይነት ነው። መርፌውን በጀመረች በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው ሆነች። ያን ጊዜ አባቴ ስንት ጊዜ መረቁኝ! ቤታችን ፍሪጅ ስለሌለ መድኃኒቱን በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ትንሽ ገንቦ ውስጥ እንዴት እንደሚያስቀምጡት አሳየኋቸው። ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ እህል ሳይቀምሱ አሸዋው ላይ ውኃ ያርከፈክፉበት ነበር። ይህን ለተማሪ አያዝዙም፤ ራሳቸው ናቸው የሚያደርጉት። ልጃቸውን ይወዷት ነበር፤ ይህም ይታወቅልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላቸው አለ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ አብረን ተቀምጠን ሳለ፣

«እስከ መቼ ነው እንዲህ ስትወጋ የምትኖረው?» አሉኝ።

«ዕድሜ ልኳን ነዋ አባዬ።»

«የማያድን መድኃኒት ምኑ መድኃኒት ነው?» አሉ።

«ያኖራታል እኮ!»

«ማኖርማ እግዜር ያኖራል። መድኃኒት የምለው የሚያድነውን ነው።»

ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ አባቴ ሲከራከሩ ሁልጊዜም ልክ ይመስላሉ። እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ደህና ቤተሰብ ለልጁ ሊጠይቃት ሽማግሌ ሊልክ ነው እየተባለ ነበር፤ ኋላ «ስኳር አለባት» የሚለውን ሰሙና ነገሩን አቀዘቀዙት። እሷ በዚህም ቀለደች። «እኔን ያገባ ሰው ለሻይ ስኳር አያጣም ነበር» አለችን። እኛም ሳቅን። ስትወጋ ግን ማንም እንዳያያት በሩን መዝጋት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

አምና ፍልሰታ ሲገባ ከአባቴ ጋር ሱባኤ ልትይዝ ወደ አንድ ጠበል ወረደች። ቦታው ከየጁቤ ወዲህ፣ የዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ነው። መሄዷን አልተቃወምኩም። ምን በወጣኝ እቃወማለሁ? እኔም ተጠምቄ ያደግኩ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኗም መድኃኒታችሁን ጣሉ አትልም፤ የማውቃቸው ቄሶች ራሳቸው የደም ግፊት ክኒናቸውን በኪሳቸው ይዘው ነው የሚቀድሱት። «መርፌሽን እንዳታቋርጪ፣ ጾሙንም ቀለል አድርጊው» ብዬ ለመንኳት። «ፍልሰታን እኮ ሕፃን ይጾመዋል እትዬ! ከሕፃን ላንስ ነው?» አለችኝ። ስለ መርፌው ግን እሺ ብላኝ ነበር።

እዚያ አንድ አጥማቂ አለ። ወጣት ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ማንንም አያስገድድም፣ ማንንም አይቆጣም። ብቻ «መድኃኒቱን ሙጥኝ ያለ ሰው ልቡን ገና አልሰጠም» ይልና ዝም ይላል። ያቺ ዝምታው ናት ሰውን የምትሠራው። ጠበልተኛው ክኒኑን፣ ሽሮፑን፣ መርፌውን በገዛ እጁ እያመጣ አጠገቡ ባለ ቅርጫት ውስጥ ይጥል ነበር። እኔ ስደርስ ቅርጫቱ ሞልቶ ነበር። ለጤና ጣቢያችን ስንለምን ከርመን የምናጣው መድኃኒት ሁሉ እዚያ ተጥሏል።

የሄድኩት በሱባኤው አጋማሽ ላይ ነው። ፈቃድ ወስጄ፣ ከሞጣ በግንደወይን አድርጌ ቢቸና፣ ከዚያ በጭቃ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። የስኳር መለኪያ ማሽን ይዤላት ነበር፤ በመዳፍ የምትያዝ፣ ከጣት በወጣ አንዲት ጠብታ ደም ቁጥር የምታወጣ ትንሽ ማሽን ናት። የደረስኩት ጠዋት፣ ጥምቀቱ ገና ሳያልቅ ነው። እህቴ ነጠላዋ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቆ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ አቅፋ ሳመችኝ። ከስታለች፤ ግን ፊቷ ደስ ብሎታል።

«መርፌሽን ወግተሻል?»

«ትናንት ማታ ወግቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ትቼዋለሁ» አለችኝ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

ልቆጣ ፈለግኩና ተውኩት። ጣቷን ወጋ አድርጌ ለካሁ። ዘጠና ምናምን ወጣ። የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው።

እስቲ አሁን ልብ በሉልኝ። ማታ ተወግታለች። ከትናንት ወዲህ ከእፍኝ ሽምብራ በቀር ሆዷ የገባ ነገር የለም። መርፌው እየሠራ ነው፤ ምግብ ግን የለም። ስኳሯ ይወርዳል እንጂ ወዴት ይወጣል? ይህን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም። እኔ እንዲያውም ከዚህም ወርዶ ራሷን እንዳትስት ፈርቼ የሚጣፍጥ ነገር ፍለጋ ልነሣ ስል አባቴ ከኋላዬ መጡ።

«ስንት አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ይኼ የበሽተኛ ነው የጤነኛ?»

«የጤነኛ ነው አባዬ፣ ግን...»

«ግን» ያልኩትን ማን ሰማኝ! አባቴ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከአጠገባችን የነበረች ሴት እልል አለች፤ እሷን ሰምታ ሌላዋ፣ ሌላዋን ሰምታ ሌላዋ። አጥማቂው እርጥብ መስቀሉን እንደያዘ መጣ። ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ነገሩት። ማሽኗን ከእጄ ተቀበለና ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። «ይኸው! የሐኪሞቹ ዕቃ ራሱ መሰከረ! የለካቻትም የገዛ እህቷ ናት፤ ሲስተር ናት!» አለ። እልልታው ጆሮ ያደነቁር ነበር። እኔ «የማታው መርፌ ነው! ስላልበላች ነው!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። አንዲት እናት አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ። ደስታ ያስለቀሰኝ መስሏት እኮ ነው!

ከዚያ እህቴን ማይክሮፎን አስያዟት። እዚያ የዳነ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ መመስከር አለበት፤ ልማዱ ነው። እንዴት እንደታመመች፣ እንዴት እንደወደቀች፣ በየቀኑ ስትወጋ እንዴት እንደኖረች ተናገረች። መጨረሻ ላይ «ድኛለሁ» አለች። ያን ስሰማ እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ ለአንድ አፍታ እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ከሕዝቡ መሀል የቢቸናዋ ጎረቤታችን ነበረች። ትንሽ ልጇ የእህቴ ዓይነት ስኳር አለባት፤ በቀጠሮ ቀን ሦስቱም አብረው ነበር ሆስፒታል የሚሄዱት። ያቺ ሴት እህቴን አፍ አፏን እያየች ታለቅስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ከሰው ነጥዬ አንድ ወይራ ሥር አስቀመጥኳቸው።

«አባዬ፣ ተማሪዎ አንድ ቀን ቅኔ ቢያምርለት በዚያው ዕለት ያስመርቁታል?»

«አላስመርቅም።»

«ታዲያ አንድ ቀን በተለካ ቁጥር እንዴት መድኃኒት ታስተዋታላችሁ?»

«ቅኔ የሰው ነው፤ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ድገመው እለዋለሁ። ይኼ የእመቤቴ ሥራ ነው። እመቤቴን ድገሚው ልበላት?»

«እመቤታችንን አይደለም ድገሚ የምንላት፣ ማሽኗን ነው!» አልኩ።

ፈገግ አሉ፤ ልጅ ሆኜ ስነጫነጭ ፈገግ እንደሚሉት። «አንቺው አመጣሽው፣ አንቺው ለካሽ፣ አንቺው የጤነኛ ነው አልሽኝ። አሁን ደግሞ ማሽኑ ዋሸ ልትዪኝ ነው?»

ማሽኑ አልዋሸማ! የገደለኝ ይኼ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ለካሁ እንጂ አልፈጠርኩትም፤ እነሱ ግን እውነቱን ወስደው የማላውቀው ነገር አደረጉት። ሰው ማስረጃ ቢያይ ያምናል እየተባልኩ ነው የተማርኩት። ማስረጃ አይተው እኮ ነው ያመኑት።

ወደ ሞጣ ስመለስ ማሽኗን ትቼላቸው፣ «ጠዋት ጠዋት እርስዎ ይለኩላት» ብዬ አባቴን አለማምጄ ሄድኩ። አንድም ቀን አልለኩም። «መፈታተን ይሆንብኛል» አሉኝ በስልክ። የመጀመሪያ ሳምንታት ደህና ሰነበተች። በሽታው ከጀመረ ብዙ ያልቆየ ሰው ሰውነቱ የቀረችውን ኢንሱሊን እያንጠፈጠፈ ትንሽ ያቆየዋል፤ ይህን ነግሬያቸው ነበር። መሰንበቷም ሌላ ምስክር ሆነ። አባቴ በየሰንበቴው ሲያወሩት ሰው እየመጣ ያያት ጀመር።

ኋላ ስደውል መልሱ እየተለወጠ መጣ።

«ውኃ ይጠማታል?»

«ከጠበሉ በጀሪካን ይዘን መጥተናል፤ ከእሱ ሌላ አትጠጣም። ወደደችው እኮ።»

«ከስታለች?»

«ከሱባኤ ወጥቶ ማን ወፈረ?»

«ያስመልሳታል?»

«አዎ፣ ሰሞኑን ያስመልሳታል። ክፉው እየወጣላት ነው።»

ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም። ብትወፍር ድናለች፣ ብትከሳ እየዳነች ነው፣ ብትታመም በሽታው እየለቀቃት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በምን ይሞገታል? እሷን በስልኩ እንዲያገናኙኝ ብጠይቅ «ደህና ነኝ እትዬ፣ ደከም ብሎኝ ነው» ትልና ስልኩን ትመልሳለች። ልሂድ ብል መንገድ ተዘጋ። እሱ ሰሞን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የነበረበት ነው፤ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ መናኸሪያ እየሄድኩ እመለስ ነበር።

የሞጣ አከራዬ ሙስሊም ናት፤ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ስልክ ላይ ስጮህ ሰምታ አንድ ቀን በሬን አንኳኩታ ገባች። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። «አይ እናንተ ክርስቲያኖች» ትላለች ብዬ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና «ኧረ ተይኝ ሲስተር» አለች። «የኔው ባል ስኳር እያለበት ረመዳንን ካልጾምኩ ብሎ አላስቀምጥ ሲለኝ ሼሁን ቤት ድረስ አመጣኋቸው። በሽተኛ ነህ፣ ዲኑ ራሱ ፈቅዶልሃል፣ ብላ አሉት። እሺ ብሎ ሸኛቸውና ጾመ። ሼሁ አዝነውልኝ ነው እንጂ አላህ ከእኔ የሚፈልገውን እኔ አውቃለሁ አለኝ።» ሰውየው በስኳሩ እግሩን ተቆርጦ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው፤ ሱቁ በር ላይ ሲቀመጥ በየቀኑ አየዋለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ሁሉ በአንድ አጥማቂ ላይ ጭኜ እሱን ስረግም ነበር። እሷ ከወጣች በኋላ ማንን እንደምረግም ጠፋኝ። እውነቴን ነው፣ ተስፋዬ የተሟጠጠው ያን ቀን ነው።

መንገዱ በተከፈተ ዕለት በመጀመሪያው መኪና ቢቸና ገባሁ። የቤታችንን በር ስገፋ ሽታው ተቀበለኝ፤ የበሰለ ሙዝ የመሰለ የትንፋሽ ሽታ። ነርስ የሆነ ሰው ያን ሽታ አይስተውም፤ ኢንሱሊን ያጣ ሰው ሽታ ነው። እህቴ መደቡ ላይ ተኝታለች። ዳገት ሮጣ የወጣች ይመስል በረዥሙ፣ በጥልቁ ትተነፍሳለች። ጉንጯ ገብቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አባቴ አጠገቧ ዳዊት ይደግሙ ነበር።

ማሽኗን ከመስኮቱ ላይ አንሥቼ ለካኋት። ቁጥር አላወጣችም፤ ከአቅሟ በላይ ሲሆንባት የምታሳየውን ሁለት ፊደል ብቻ አወጣች።

አባቴ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ያዩ ነበር። «ቁጥሩ የታለ?» አሉ።

«ቁጥር የለውም አባዬ። ማሽኗ ልትቆጥረው ከምትችለው በላይ ነው።»

«ድገሚው።» ደገምኩት። ያው ነው።

ጣታቸውን ዘረጉልኝ። «በእኔ ለኪ።» በእሳቸው ለካሁ፤ የጤነኛ ቁጥር ወጣ። «እንደገና በእሷ» አሉ። እንደገና በእሷ ለካሁ፤ እነዚያው ሁለት ፊደላት ወጡ። ያቺን ጊዜ አባቴን አገኘኋቸው። ተማሪ የሚመልሱት፣ አንዲት የላላች ቦታ የማታመልጣቸው አባቴ እዚያው ፊቴ ላይ መጡ፤ ምነው ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ!

ዳዊታቸውን አጥፈው ከመደቡ ሥር ተንበረከኩ። እኔ የያዝኩትን የመድኃኒት ብልቃጥ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፊቷ ላይ አቀረቡት።

«ልጄ፣ ተወጊ» አሉ።

ዓይኗን በግድ ገለጠች። «አባዬ? እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉኝ?»

«ተሳስቼ ነው። ተወጊልኝ።»

«በሕዝብ ፊት መስክሬያለሁ እኮ።» አንዷን ቃል ከሌላዋ ለማገናኘት ትንፋሽ ያጥራታል። «ድኛለሁ ብያለሁ። አሁን ብወጋ እመቤቴን ማዋሸት አይሆንብኝም? ያ ሁሉ ሰው እልል ብሎልኛል...»

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!» አሉ አባቴ። ሲያለቅሱ ያየሁት እናቴ የሞተች ዕለትና ያን ዕለት ነው።

«ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔ ክርክር የማዳምጥበት ጊዜ አልነበረኝም። መድኃኒቱን ቀድቼ ጭኗን ይዤ ወጋኋት። ልትገፋኝ ሞከረች፤ ጉልበት አልነበራትም፣ እጇ ክንዴ ላይ አርፎ ቀረ። «አስካድሽኝ እትዬ» አለች። ከእህቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይኼ ነው። ባጃጅ ጠርተን አባቴ ታቅፈዋት ሆስፒታል ገባን። ውኃ በደም ሥሯ ሰጧት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉላት። ደሟ አሲድ ሆኖ ነበር፤ ልቧ አልቻለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ምን ሲባል እንደሰማሁ ልንገራችሁ? «መርፌው ገደላት።» ድና ነበር፤ ማሽኑ ራሱ መስክሮላት ነበር፤ እህቷ ከሞጣ መጥታ በጉልበት ወጋቻትና በዚያው ዕለት ሞተች። ነገሩን ስታዩት ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፤ ወጋኋት፣ ሞተች። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ፊታቸውን ከእኔ ያዞሩ ነበር። አንዷማ ቡና ስታድል እኔን ዘለለችኝ። በገዛ ቤቴ! ብናገርስ ማን ይሰማኛል? እኔ እኮ ገዳይዋ ነኝ።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረኝ፤ አባቴ። በዚያ አገር ከእሳቸው ቃል በላይ የሚሰማ የለም። የተጣላ የሚታረቀው በእሳቸው ቃል ነው፤ የወረዳው አስተዳዳሪ እንኳ ሲቸግረው እሳቸው ዘንድ ይመጣል። «አባዬ፣ ለእኔ አይደለም» አልኳቸው። «ያቺ የጎረቤታችን ልጅ አለች። እናቷ መርፌውን አስቁማታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እርስዎ ከተናገሩ ትተርፋለች።» ቀና ብለው አዩኝና «እናገራለሁ» አሉ።

አርባዋ ዕለት ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ አባቴ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ሰው ጸጥ አለ። ስለ ሟቿ ቅኔ የሚቀኙ መስሎት የቀድሞ ተማሪያቸው ሁሉ ወደ ፊት ተጠጋ።

«ልጄን መርፌ አልገደላትም» አሉ አባቴ። «የገደላት መርፌ ማቋረጧ ነው። ያን ጠዋት ስኳሯ ወርዶ የታየው ማታውን ተወግታ ስለነበር ነው፤ እህልም ስላልቀመሰች ነው። ይቺ ልጄ ነግራኝ ነበር። አልሰማኋትም፤ የሰማሁት ደስ ያለኝን ነው። ጠበሉ ቅዱስ ነው፣ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። በቤታችሁ እንዲህ የታመመ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ አደራ፣ የሰማይ የምድር አደራ፣ መድኃኒቱን አታስቋርጡት።»

በቃ፣ ተሰማ አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አይ የኔታ! እግዜር ያጽናዎ» አሉ። ከወዲያ «ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግራቸው» አለ አንዱ። ከኋላዬ ደግሞ በሹክሹክታ «ሲስተሯ ናት የሞላቻቸው» ሲሉ ሰማሁ። የቀድሞ ተማሪያቸው፣ እሳቸው አስተምረው ለመምህርነት ወንበር ያበቁት፣ ተነሥቶ ክንዳቸውን ያዘና በትሕትና፣ በሽተኛ እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጣቸው። ጋቢያቸውንም አስተካከለላቸው። ሰው ወደ ወሬው ተመለሰ። አባቴ እንደገና ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና ዙሪያውን አይተው መልሰው ዘጉት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲሰማቸው ነው ያየሁት፤ እውነቱን የተናገሩ ቀን ግን የሰማቸው የለም።

ጎረቤታችን ልጇን በእጇ ይዛ ልትሰናበተኝ መጣች። ልጅቷ ከንፈሯ ደርቋል፤ የእናቷን ቀሚስ እየጎተተች ውኃ ትላለች። የሴትዮዋን ክንድ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ሰምተሻቸዋል አይደል?»

«ሰማሁ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አንጀቴን ነው የበሉት። ስንቱን ሲያጽናኑ የኖሩ አባት እምነታቸው እንዲህ ይጎዳ?»

«በማርያም ይዤሻለሁ፣ ነገ ሆስፒታል ውሰጃት! እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ!» እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

እጄን በሁለት እጇ መሀል አድርጋ አሻሸችልኝ። እኔን ለማጽናናት እኮ ነው። «ማክሰኞ ወደ ጠበሉ እንወርዳለን» አለችኝ ቀስ ብላ። «አይዞሽ፣ እሳቸውንም አልረሳቸውም፤ አስጸልይላቸዋለሁ።» ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ የአባቴን የክርስትና ስም ጠየቀችኝ።